ካርቱም ላይ ሳይዘጋ የቀረው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የምርቃቷን ፎቶ ላከችልኝ። ላከችልኝ ልበል እንጂ የመጣልኝ ፎቶ አይደለም፤ ከሥሩ የተሰመረበት ረጅም ሰማያዊ ጽሑፍ ነው። «አክስቴ፣ እሱን ንኪው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለልሽ» አለችኝ። ነካሁት። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ ነካሁት። ስልኬ ትንሽ ሲያስብ ቆየና የጠየቅሽው ነገር የለም ብሎ መለሰልኝ። ስደውልላት «ውይ፣ ጊዜው አልፎበት ይሆናል፣ ሌላ ሊንክ እልክልሻለሁ» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ፎቶውማ ይመጣል፣ ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ ይመጣል። ግን «አለ፣ አለ» የተባለ ነገር ሲታይ የሌለ ሆኖ ሲገኝ፣ ሁልጊዜ እትዬ ጫልቱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

ያኔ ገና ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ልደታ ማርያም ሥር፣ ጣሪያቸው እርስ በርሱ ከተደጋገፈ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ነው፤ አንዱ ቤት በርበሬ ሲቁላላ ሌላው ቤት የሚያስነጥስበት ሰፈር። ማታ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ፣ ቀን ቀን ሚኪ ኢንተርኔት ቤት እሠራለሁ። ሚኪ ማለት የሰፈራችን ልጅ ሚኪያስ ነው። አራዳ ነኝ ባይ፣ አፉ የማያርፍ፣ ኮምፒውተር ሲበላሽበት እንደ ታመመ ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያድር ሰው ነበር። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ወረቀት ሊያሳትሙ ይመጣሉ፣ ጎረምሶቹ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ይጮኻሉ፣ እኔ በሩ አጠገብ ሆኜ ሰዓት እመዘግባለሁ። የምወደው ሥራ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ማየት እወዳለሁ።

ሰፈሩ እንደሚፈርስ ሲነገረን መጀመሪያ ማንም አላመነም። በኋላ በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ሲጻፍ አመንን። እድራችን ከመበተናችን በፊት አንድ የመጨረሻ ቅርጫ እንረድ አለ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ ገና ጭቃ ሆኖ፣ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰንጋ ታረደ። ይሄ ድንኳን ለለቅሶ ካልሆነ ወጥቶ የማያውቅ ድንኳን ነው፤ ያን ቀን ግን ልጆች ሥሩ ሲጨፍሩ ዋሉ። ሚኪ ሠርግ ከሚቀርጽ ዘመዱ ካሜራ ተውሶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀርጽ ዋለ። ሁሉም ሰው እዚያ ውስጥ አለ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ወልዴ ሲመርቁ አለ፣ እናቴ ስትስቅ አለች፣ እትዬ ጫልቱ ሽንኩርት ሲከትፉ አሉ።

እትዬ ጫልቱ በአምቦ በኩል ካለ አገር በሙሽርነት መጥተው ልደታ የቀሩ፣ ባላቸው በጊዜ የሞቱባቸው፣ ሽሮና በርበሬ በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ ገመቹ። እኛ ገሜ እንለዋለን። ገሜ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን ድዱ ድረስ የሚታይ ልጅ ነበር። ያን ቀን ሥጋውን በትልቅ ትሪ ተሸክሞ ከዚህ ቤት እዚያ ቤት ሲመላለስ ዋለ። እንግዲህ ፎቶ መነሳት የማይወድ ሰው አለ አይደል? እሱ ነበር። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲወስድ የተነሳው ጉርድ ብቻ ነበር።

ቪዲዮው ትልቅ ነበር፤ በዚያን ዘመን ፍላሽ የሚገባ አይደለም። ሚኪ አንድ ጠዋት ዓይኑ እያበራ መጣና «ፍሬ፣ አገኘሁት! በቶረንት ነው የምናካፍለው» አለኝ።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«ቅርጫ አታውቂም? በሬው ይታረዳል፣ መደብ መደብ ይደረጋል፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። በሬው አለቀ። ይሄኛው ግን ጉደኛ ቅርጫ ነው። አንቺ ድርሻሽን ይዘሽ ስትገቢ ከዚያው ላይ ለጎረቤትሽ ታካፍያታለሽ፣ ካንቺ ግን ምንም አይጎድልም። እሷም ከእሷ መደብ ላንቺ ትሰጥሻለች። እንዲህ ስትቀባበሉ ስትቀባበሉ በመጨረሻ ሁላችሁም በር ላይ አንድ አንድ ሙሉ በሬ ቆሞ ይገኛል።»

«የመጀመሪያውን በሬ ማን ይሰጣል ታዲያ?»

«መጀመሪያ እኔ። በኋላ ያለው ሁሉ ይሰጣል። የእኔ ኮምፒውተር ቢቃጠል እንኳ ሌላ ሰው ጋ አለ።»

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠውን ትንሽ ፋይል አሳየኝ። ከአንድ ገጽ ማመልከቻ የማትበልጥ ነገር ናት። «ይቺ ሥጋው አይደለችም፣ እጣው ናት» አለኝ። «ቪዲዮው ስንት መደብ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ መደብ በምን እንደሚታወቅ፣ ማን ጋ ተጠይቆ እንደሚገኝ ትናገራለች። ኢንተርኔት ላይ ሲከፍቷት ያለውን ሰው ፈልጋ ታመጣለች። ያለው ሰው ኮምፒውተሩን ከዘጋ ግን ብትጣራም የሚመልስላት የለም።»

ለእኔ እንዲህ ለብቻዬ አስቀምጦ ስላስረዳኝ ገባኝ። ለሌላው ሰው ግን በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል፣ ዕቃ በጋሪና በአይሱዙ እየተጫነ ነው ያደለው። ያስረዳል፣ አልዋሽም፤ ማን ይሰማዋል? ሰው ፍላሹን ይሰጠዋል፣ እሱ ይሰካል፣ ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል። «ይሄን ሁሉ ቀን በዚህ ፍጥነት? እግዜር ይስጥህ!» ይሉታል። ጋሽ ወልዴ ፍላሻቸውን ከቤት ቁልፋቸው ጋር አሰሩት። ፍላሽ የሌለው ከፍላሽ ያለው አስገለበጠ። እኛ አገር ነገር የሚተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ሙዚቃም፣ ፊልምም፣ የፈተና ጥያቄም። ፍላሽ ላይ የተጫነ ነገር የኔ ነው ብሎ የማያምን ሰው በዚያን ጊዜ ልደታ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ቪዲዮውን ይዣለሁ ብሎ ተበተነ።

ግማሹ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ግማሹ ዘመድ ጋ ተጠጋ። ሚኪ ኢንተርኔት ቤቱን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ወዳለች መንገድ አዛወረው፤ ኮምፒውተሮቹን በጋሪ፣ እኔን በእግሬ። ገሜ ደግሞ እናቱን ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጦ ጠፋ። ጠፋ ስል እናቱ ያውቃሉ። የማይበላሽ የመንገድ ስንቅ ነው ብለው ጭኮ በቅቤ ለውሰው፣ በቆርቆሮ ጠቅጥቀው የሰጡት እሳቸው ናቸው። ለእኛ የነገሩን ካርቱም ከደረሰ በኋላ ነው።

ካርቱም እንደ እኛው ያለ ኢንተርኔት ቤት ሥራ አገኘ። ጠዋት ይከፍታል፣ ያጸዳል፣ ማታ ይዘጋል። አንድ ቀን ለሚኪ ደወለና በኪሱ ይዟት የሄደውን ፋይል እንዴት እንደሚከፍታት ጠየቀው። ያን ሰሞን ሚኪ ኮምፒውተሩ ላይ የምትታይ ትንሽ የሱዳን ባንዲራ እያሳየኝ ይቦርቅ ነበር። ፕሮግራሙ ከማን ጋር እንደሚቀባበል ሲያሳይ ከጎኑ የአገሩን ባንዲራ ያወጣል። «ከዚያ ሁሉ ሰው ቅርጫዬን የበላልኝ ገሜ ብቻ ነው!» ይላል። ገሜ ለእናቱ ሲደውል «እማዬ፣ ሥራ ስጨርስ አይሻለሁ እኮ። ሽንኩርት ትከትፊያለሽ፣ ከጋሽ ወልዴ ጋር ትጨቃጨቂያለሽ» ይላቸዋል። እትዬ ጫልቱ ይሄን ለሰው ሁሉ ነገሩ። ያን ጊዜ የነበረባቸው ደስታ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከወራት በኋላ ገሜ ወደ ሊቢያ ቀጠለ። በመሀሉ የእኛም መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚኪን ሃርድ ዲስክ አቃጠለው። ሚኪ ተሳደበ፣ እስከ አሁን ሌላም ሰው አውርዶታል ብሎ አዲስ ገጠመ፣ በቃ። የካሜራው ካሴት ላይ ደግሞ ባለቤቱ የሌላ ሰው ሠርግ ቀርጾበታል። ማንም አልደነገጠም። ለምን ይደንግጥ? ሁሉም ሰው አለው ተብሏል።

መርዶው በበጋ መጣ። አብሮት የነበረ ልጅ ለጋሽ ወልዴ ደውሎ ጀልባዋ እንደተገለበጠች፣ ገሜ ከዓይኑ ሥር እንደጠፋ ነገራቸው። ጋሽ ወልዴ ሽማግሌዎች ሰብስበው እንደ ወጉ ገና ጎህ ሳይቀድ ጀሞ ወጡ፤ እኔና እናቴም ተከትለን ሄድን። ያን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩ ሲንኳኳ እትዬ ጫልቱ ከፈቱና የቆምነውን ሰዎች አንድ በአንድ አዩን፣ ከዚያ ማንም ሳይናገር ቁጭ አሉ።

ለቅሶው ከበደ። ሬሳ የለም። ቀብር የለም። ድንኳኑ ውስጥ ያቆምነው ያ የስምንተኛ ክፍል ጉርድ ፎቶ ነው፤ ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ አንገቱ ከሸሚዙ የቀጠነ። እትዬ ጫልቱ ዓይናቸውን ጣሉበትና «ይሄ ማነው? ይሄ እኮ ልጄ አይደለም፣ የኔ ልጅ ትልቅ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፍሬ፣ ያ ቪዲዮ አለ አይደል? ለአርባው አምጡልኝ። ፊቱን አይቼ ልቅበረው።»

«አለ፣ እትዬ፣ አለ!» አለ ድንኳኑ ሙሉ ሰው።

በማግስቱ ፍላሹ ሁሉ ጠመንጃ ያዥ መጣ። ጋሽ ወልዴ ከቁልፋቸው ላይ ፈትተው ሰጡ። ሚኪ አንዱን ሰካ፣ ትንሿ ፋይል ናት። ሌላውን ሰካ፣ እሷው ናት። እናቴ በመሀረብ ቋጥራ ያመጣችውን ሰካ። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። «ቪዲዮውስ?» አሉት ጋሽ ወልዴ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ እጣዋ ናት። ሥጋውን ማንም አልወሰደም።»

«ምን ማለትህ ነው? ይኸው በእጄ ይዤ መጥቼ!»

ሊያስረዳቸው ሞከረ። ጋሽ ወልዴ ፍላሹን መዳፋቸው ላይ አድርገው ሲያዩት ቆዩ። ሽማግሌ ሰው እንዲያ ግራ ሲጋባ ማየት ደስ አይልም። ሰፈር ሙሉ ሰው አንድ ዓይነት እጣ ይዞ፣ በሬው የትም የለ።

ሚኪ ፋይሏን ከፈተና እንድትጣራ ተዋት። «ማን ያውቃል፣ አንድ ሰው አውርዶት ይሆናል» አለ። ግድግዳው ጥግ ያለው ኮምፒውተር ለሌላ ሥራ እንዳይነካ አልን። እትዬ ጫልቱ ጥቁር እንደለበሱ ከጀሞ በሁለት ታክሲ እየመጡ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ገጹ ላይ ባዶ መስመር አለ፤ ሲሞላ ሰማያዊ የሚሆን። ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው። የሚመልስ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ ወረቀት እያወጣሁ ሳለ ሚኪ ጮኸ። «መጣ! ፍሬ፣ መጣ! ሱዳን ነው! ሱዳን ያለ ሰው እየሰጠን ነው!»

ምነው አፉን በዘጋው! እትዬ ጫልቱ ብድግ አሉ። ባንዲራዋን አዩ። መስመሩ ላይ ቀጭን ሰማያዊ ክር ታይቷል። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙና ቀስ ብለው «ልጄ ነው» አሉ።

«አይ እትዬ፣ እሱ አይደለም፣ ይሄ...» አለ ሚኪ።

«ሱዳን ቪዲዮው ያለው ማነው? አንተ ራስህ ገሜ ብቻ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ፣ ግን ይሄ ሰው አይፈልግም። ማሽኑ ራሱ ነው የሚሰጠው። ገሜ ያኔ ከፍቶት ሄዶ ነው። ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ፕሮግራሙ ራሱ ይነሳል፣ ማንም አልዘጋውም። ቧንቧ ከፍቶ እንደሄደ ሰው ማለት ነው።»

እትዬ ጫልቱ በሐዘኔታ አዩት፣ ልክ እሱ ነገሩ ያልገባው ይመስል። «ከፍቶ የሄደ ሰው ሊመለስ አስቦ ነው እንጂ!» አሉት።

በማግስቱ ጥቁራቸውን አውልቀው መጡ። አበባ አበባ ያለበት ሻሽ አስረዋል። ለአርባው የተዘጋጀውን እህል ለጎረቤት መልሰዋል። በፌስታል ገብስ ቆሎ ይዘው መጥተው ለጎረምሶቹ በእፍኝ በእፍኝ አደሏቸው፤ «ልጄ ደህና ነው፣ ካርቱም ነው ያለው» እያሉ። ጎረምሶቹም «እሰይ እማማ!» አሉ። ምን ያውቃሉ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ያ ሰሞን ጭንቅ ነበር። ሄደው እንደገና እንዲነግሯቸው ጋሽ ወልዴን ብንለምናቸው «መርዶ ሁለት ጊዜ ይነገራል እንዴ? በየትኛው አፌ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። በእኛ ወግ ለመርዶ የሚሆን ሰዓት አለ፣ አነጋገር አለ፣ የሚሄድ ሰው አለ። ተነግሮ ያልታመነን መርዶ ግን እንደገና የሚነግር ሰው የለንም። አብሮት የነበረውን ልጅ አስደውለንላቸው በስልክ ቢያነጋግራቸውም «አንተ በጨለማ ነው ያየኸው፣ ተሳስተህ ነው» ብለው መረቁትና ዘጉ። ወደ ካርቱም የሚደወልበት ቁጥር ደግሞ የገሜ የራሱ ነበር፤ እሱ አይሠራም። የአሠሪውን ስም እንኳ የሚያውቅ የለም።

መስመሩ እየሞላ ነው። ቀስ እያለ፣ የእነሱ መብራትና የእኛ መብራት ሲገጥም ብቻ። ጠዋት ባንዲራዋ ብቅ ስትል እትዬ ጫልቱ «ከፈተ» ይላሉ፣ ማታ ስትጠፋ «ዘግቶ ወደ ቤቱ ገባ» ይላሉ። ሰማያዊውን መስመር በጣታቸው እየነኩ «ቀስ በል ልጄ፣ አትቸኩል» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ያን ጊዜ መስመሩን መጠየፍ ጀመርኩ። ከሞላ የልጃቸውን ፊት ያያሉ፣ ግን እየሞላ በሄደ ቁጥር ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ያምናሉ።

«ልዝጋው ይሆን?» አለኝ ሚኪ አንድ ቀን፣ እሳቸው ሲሄዱ። «ተበላሸ ብዬ ልዝጋውና ያርፉ።»

«ፊቱንስ በምን ሊያዩት?»

«እያበዱ እኮ ነው፣ ፍሬ። እኔ ነኝ ያመጣሁት ጣጣ።»

«አትንካው» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እርግጠኛ አይደለሁም። አልነካውም። ሁለታችንም ያን ማሽን እንደሚፈነዳ ነገር በሩቁ እያየን ከረምን።

ከዚያ ባንዲራዋ ቀረች። መስመሩ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ሚኪ መብራት ሄዶባቸው ይሆናል አለ። በሁለተኛውም እንዲሁ አለ። እትዬ ጫልቱ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ያልወቅቱ ዝናብ ጣለ፣ በሩ ላይ ያለው ቆርቆሮ ጆሮ ያደነቁራል፣ እሳቸው ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። ቆሎ ማምጣት አቆሙ። ከጎረምሶቹ አንዱ «እማማ፣ ሻይ ልግዛልዎት?» ሲላቸው አልሰሙትም።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ «ሚኪያስ፣ ወደዚህ ና» አሉት። አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«እውነቱን ንገረኝ። ዘጉት?»

ሚኪ አንገቱን ደፋ። «ዘግተውታል መሰለኝ፣ እትዬ። ወይ ማሽኑን ሸጠውታል፣ ወይ አጥፍተው እንደ አዲስ ጭነውታል። እንዲህ ቆይቶ አያውቅም።»

«እየጠበቅኩት እንደሆነ ያውቃል እኮ። ልጄ ቢኖር አይዘጋብኝም ነበር።»

እትዬ ጫልቱ ባዶውን የመስመር ጫፍ አንዴ አዩት። ከዚያ ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ሳቡትና «ያ ኢልማ ኮ!» ብለው ጮኹ፤ ልጄን ማለታቸው ነው፣ በእናታቸው ቋንቋ። ከመርዶው ቀን ጀምሮ እንዲያ አድርገው አልጮኹም ነበር። ደረታቸውን እየመቱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ማዳመጫ ያደረጉት ጎረምሶች አንድ በአንድ ከጆሯቸው እያወለቁ ተነሱ። ጨዋታው በየገጹ ላይ ብቻውን ይተኩሳል። አንዱ ልጅ ሄዶ በሩን በሰፊው ከፈተው። የሰፈሩ ሴቶች ማን እንደሞተ ሳያውቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ጠመንጃ ያዥ እንዲህ ነው፣ ለቅሶ ከተሰማ ይገባል። እኔ እትዬ ጫልቱን ከኋላ አቅፌ ይዤ አብሬያቸው ስጮህ እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ።

ጋሽ ወልዴ በእድር ደንብ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። አንድ ሰው አንዴ ነው የሚለቀሰው፣ ድንኳን አንዴ ነው የሚወጣው። ያን ቀን ማታውኑ ድንኳኑን አስጭነው ጀሞ አመጡት። ከአባላቱ አንድም ሰው ለምን አላለም። ሁላችንም እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ይህኛው ግን እውነተኛ ለቅሶ ነበር። አርባውም ከዚያ ቀን ተቆጠረ።

በአርባው ሚኪ ከቪዲዮው የመጣውን ያህል ለማሳየት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ወጣ። መደቦቹ በተራ አይደለም የሚመጡት፤ አንዱ ከመጀመሪያ፣ አንዱ ከመጨረሻ ነው። ምስሉ ይቆራረጣል፣ አረንጓዴ አረንጓዴ ካሬ ይሆናል፣ ድምፁ ይዘላል። የጋሽ ወልዴ ምርቃት መጣ። እናቴ ስትስቅ መጣች። ከዚያ አንድ ረጅም ልጅ ትሪ በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ በድንኳኑ መሀል አለፈ። ሊዞር ሲል ገጹ በሙሉ ካሬ ሆነ። ሚኪ መልሶ ሞከረ። ያው ነው፤ እዚያው ላይ ይሰበራል።

«ጀርባውን ነው» አሉ እትዬ ጫልቱ። «ጀርባውንማ ሲሄድ አይቼዋለሁ።» ከዚያ ዝጋው አሉት።

ጋሽ ወልዴ ካረፉ ቆይተዋል። ሚኪ ልጆች አሉት፤ ዛሬም ሲያገኘኝ ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው፣ እኔም አላነሳበትም። እትዬ ጫልቱ ግን አሉ፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ደረጃውን አይወርዱም። ሙት ዓመት ሲደርስ እንሄዳለን። የሚያወጡት ጀልባዋ በተገለበጠችበት ቀን አይደለም፤ ጠመንጃ ያዥ ለቅሶ በጀመርንበት ቀን ነው። አንድ ጊዜ የንስሐ አባታቸው ስለ ፍትሐቱ ብለው የሞተበትን ትክክለኛ ቀን ሊያርሟቸው ሞክረው ነበር። እኔም በልቤ አባ ልክ ናቸው እል ነበር፤ ወረቀት መመዝገብ ስለለመድኩ ይሆናል።

ዘንድሮ ለብቻቸው አግኝቼ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ቀኑ እኮ ይለያያል» አልኳቸው፣ ለስለስ አድርጌ። አልተቆጡም። እጄን ያዙና «የባሕሩንማ ሰው ነው የነገረኝ» አሉኝ። «ያን ቀን ግን ልጄ አጠገቤ ነበረ፣ ፍሬ። ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው የሄደው።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ቀኑ አልከራከርም።